መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ተመጣጥነዋል፤ ስሌቴ ግን ከኮምፒውተሩ ጋር አልገጠመም

ጥያቄ (የአራተኛ ዓመት ተማሪ)

ሰላም ለሁላችሁም። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁና ጊዜ ያላችሁ እንድታዩልኝ እለምናለሁ።

የቤት ሥራችን አንድ ፍሬም በሞመንት ዲስትሪቢዩሽን ዘዴ፣ ማለትም ሞመንትን (የማዞር ኃይልን) በየመገጣጠሚያው እያከፋፈልን፣ እንድንፈታ ነው። ፍሬሙ ሁለት ዓምድና አንድ ቢም ብቻ አለው። የግራው ዓምድ ከመሠረቱ «ሀ» ተነሥቶ «ለ» ላይ ይደርሳል። ቢሙ ከ«ለ» እስከ «ሐ» ይዘረጋል። የቀኙ ዓምድ ከ«ሐ» ወደ መሠረቱ «መ» ይወርዳል። ዓምዶቹ 4 ሜትር ናቸው፤ ቢሙ 6 ሜትር ነው። ሁለቱም መሠረቶች ሙሉ በሙሉ የተቆለፉ ናቸው። የቢሙ የኢነርሺያ ሞመንት (መታጠፍን የመቋቋም መለኪያው) የአንዱን ዓምድ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ጭነቱ አንድ ሲሆን 90 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ያረፈውም ቢሙ ላይ ከ«ለ» 2 ሜትር ርቆ ነው።

እንዲህ ሠራሁ። የዓምዱ ግትርነት 1 ለ 4፣ የቢሙም 1.5 ለ 6 ስለሆነ ሁለቱም 0.25 ናቸው። ስለዚህ በ«ለ»ም ሆነ በ«ሐ» ሞመንቱ እኩል ለሁለት ይከፈላል። ጫፎቹ ተቆልፈው ሲታሰቡ የቢሙ ሞመንት በ«ለ» 80፣ በ«ሐ» 40 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሆነ። በሰዓት አቅጣጫ የሚያዞረውን አዎንታዊ ብዬ በ-80 እና በ+40 ጀመርሁ።

የ«ለ»ን ቁልፍ ስፈታ ለዓምዱ 40፣ ለቢሙ 40 ደረሰ። ግማሹ 20 ወደ «ሀ»፣ ግማሹ 20 ወደ «ሐ» ተሻገረ። «ሐ» ላይ 40 እና 20 ተደምረው 60 ሆኑ፤ ስፈታው -30 እና -30 አከፋፈልሁ፤ -15 ወደ «ለ»፣ -15 ወደ «መ» ተሻገረ። እንዲህ እያልሁ ሦስት ዙር ሄድሁ። መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ይህ ነው፦ የግራው ዓምድ ከታች 23.98፣ ከላይ 47.97፤ የቀኙ ዓምድ ከላይ 31.99፣ ከታች 16.00።

መምህራችን የሰጡን የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን በተመሳሳይ ቅደም ተከተል 17.14፣ 42.86፣ 37.14 እና 22.86 ይላል።

እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ደጋግሜ አረጋገጥሁ። በ«ለ» የዓምዱና የቢሙ ሞመንት ይጣፋሉ፤ በ«ሐ»ም ይጣፋሉ። ታዲያ ስህተቱ የት ነው? ከሁሉ ይልቅ ያልገባኝ ደግሞ ሌላ ነው። ጭነቱ የተቀመጠው ወደ «ሀ» ዓምድ ቀርቦ ሳለ ፕሮግራሙ የ«መ» መሠረት የበለጠ ሞመንት አለበት ይላል። ፕሮግራሙን በትክክል አላስገባሁት ይሆን?


መልስ 1 (የአምስተኛ ዓመት ተማሪ)

እኔም አምና ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ነበር። ሦስት ዙር ጥቂት ይመስለኛል፤ ሰባት ስምንት ዙር ብትሄድ ወደ ፕሮግራሙ ቁጥር ትጠጋለህ።


መልስ 2 (ጠያቂው)

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ስድስት ዙር ሄጄ ነበር። ቁጥሮቹ ከ48 እና ከ32 ፈቀቅ አላሉም።


መልስ 3 (ጡረታ የወጣ የመዋቅር መሐንዲስ)

ልጄ፣ ቁጥሮችህን በሙሉ ስላስቀመጥህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀትና እርሳስ ይዤ ከቡናዬ ጋር ተከትየሃለሁ።

በመጀመሪያ ልብህ ይረፍ፤ በማከፋፈል ሥራህ ውስጥ አንዲት የስሌት ስህተት የለችም። ዙር መጨመርም ምንም አያመጣም፤ ምክንያቱን ራስህ ልታየው ትችላለህ። አንድ ሞመንት ከ«ለ» ተነሥቶ ወደ «ሐ» ሄዶ ሲመለስ ሁለት ጊዜ በማከፋፈል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በመሻገር ይገመሳል። አራት ግማሽ ሲባዙ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። 40 ያልኸው በሁለተኛው ዙር 7.5 የሆነው መነሻ ላይ «ሐ» የራሱ 40 ስለነበረው ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን 0.47፣ ቀጥሎ 0.03 እያለ በአሥራ ስድስት እየተካፈለ ይጠፋል። እርግጠኛው መልስ 48፣ 24፣ 32 እና 16 ነው። አንተ ደርሰህበታል። ይህ መልስ ግን የሌላ ፍሬም መልስ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅህ፦ ይህን ፍሬም ወደ ጎን የያዘው ማን ነው?

የግራውን ዓምድ ብቻውን አውጥተህ ሣለው። ከላይ 48፣ ከታች 24 በአንድ አቅጣጫ ያዞሩታል። እንዳይዞር የሚይዘው ከላይና ከታች የሚገፉት ሁለት አግድም ኃይሎች ናቸው፤ መጠናቸውም 72 ለ 4፣ ማለትም 18 ኪሎ ኒውተን ነው። መሠረቱ ላይ ያለው 18 ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ቀኝ ይገፋል። የቀኙ ዓምድ ላይ 32 እና 16 ተደምረው 48፣ ለ4 ሲካፈሉ 12 ኪሎ ኒውተን ይሆናሉ፤ መሠረቱ ላይ ያለው 12 ወደ ግራ ይገፋል። እንግዲህ መሬት ፍሬሙን ከግራ በ18፣ ከቀኝ በ12 ትገፋዋለች። በጥያቄህ ላይ ወደ ጎን የሚገፋ ነፋስ የለም፤ የመሬት መንቀጥቀጥም የለም። ልዩነቱን 6 ኪሎ ኒውተን ማን ያዘው?

ማንም አልያዘውም። አንተ ነህ ሳታውቀው የያዝኸው።

ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ አስታውስ። መጀመሪያ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በሁለት ነገር ትቆልፈዋለህ፤ እንዳይዞርም፣ ከቦታው እንዳይነቃነቅም። ከዚያ አንድ በአንድ ትፈታለህ። የምትፈታው ግን መዞሩን ብቻ ነው። ሠንጠረዡን ጨርሰህ መስመር ስታሰምርበት ከቦታ መነቃነቅን የከለከለው ቁልፍ ገና አልተነካም። አዲስ አበባ ውስጥ ሕንጻ ሲሠራ አይተህ ከሆነ የባሕር ዛፍ ድጋፎቹን ታውቃቸዋለህ። አንተ በ«ሐ» ጫፍ ላይ ከቀኝ በኩል አንድ ባሕር ዛፍ አስደግፈህ ሳታነሣው ሥራው አልቋል ብለሃል። ያ እንጨት 6 ኪሎ ኒውተን ተሸክሟል። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ደግሞ እንጨቱን አያውቀውም።

ስለዚህ እንጨቱን እናንሣው። ሲነሣ ቢሙ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ በስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገንም። የዘዴው ውበት እዚህ ላይ ነው። ሌላ ባዶ ሠንጠረዥ አዘጋጅ። ጭነቱን እርሳው። ቢሙ ወደ ጎን ሄዶ መገጣጠሚያዎቹ ግን ሳይዞሩ ቢቀሩ በዓምዶቹ ጫፍ ሁሉ እኩል ሞመንት ይፈጠራል፤ ሁለቱ ዓምዶች በቁመትም በመጠንም አንድ ናቸውና። መጠኑን የፈለግኸውን በል፤ እኔ 100 ልበል። አሁን እንደ ለመድኸው አከፋፍል። በ«ለ» 100 አለ፤ -50 ለዓምዱ፣ -50 ለቢሙ። በ«ሐ»ም እንዲሁ። -25 ወደየመሠረቱና ወደ ቢሙ ተቃራኒ ጫፍ ይሻገራል። ስትጨርስ ዓምዶቹ ከላይ 60፣ ከታች 80 ላይ ይረጋሉ።

በዚህ ሁኔታ አንዱ ዓምድ የሚሸከመው አግድም ኃይል 140 ለ 4፣ ማለትም 35 ነው። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ስለሆኑ 70 ኪሎ ኒውተን ይሆናሉ። እኛ የሚያስፈልገን ግን 6 ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ሁለተኛ ሠንጠረዥ በሙሉ በ6 ለ 70፣ ማለትም በ0.0857 አባዛው። 60 የነበረው 5.14 ይሆናል፤ 80 የነበረው 6.86 ይሆናል። ቢሙ ወደ ቀኝ ሲሄድ ከግራው ዓምድ ይቀነሳል፣ በቀኙ ይጨመራል፦

የግራው ዓምድ ከላይ፦ 48 − 5.14 = 42.86
የግራው ዓምድ ከታች፦ 24 − 6.86 = 17.14
የቀኙ ዓምድ ከላይ፦ 32 + 5.14 = 37.14
የቀኙ ዓምድ ከታች፦ 16 + 6.86 = 22.86

ፕሮግራምህ ትክክል ነበር። አሁን አግድሙን ፈትሸው። በግራ 60 ለ 4 ሲካፈል 15፣ በቀኝም 60 ለ 4 ሲካፈል 15 ነው። ማንም ሳይደግፈው ቆመ።

ይህን ያህል የምጽፍልህ እኔም ይህንኑ ጥያቄ ስለተጠየቅሁ ነው። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት በሽሮ ሜዳ በኩል ለሚሠራ ባለ አንድ ፎቅ ሕንጻ ስሌት ተሰጠኝ። መሬቱ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ዳገት ስለነበር በአንድ በኩል ያሉት ዓምዶች ከሌላው ይረዝሙ ነበር። ሠንጠረዦቼን በሥርዓት በትልቅ ወረቀት ላይ ሠርቼ፣ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ አመጣጥኜ፣ በኩራት ለአለቃዬ አቀረብሁ። እሳቸው ሠንጠረዡን አላዩትም። ሥዕሉን አወጡና እርሳሳቸውን በቢሙ ጫፍ ላይ አድርገው «ይህን ወደ ጎን የያዘው ማን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱን መለሱልኝና ሄዱ። ያን ቀን ማታ በመሥሪያ ቤቱ ቆይቼ ስሠራው አጭሮቹ ዓምዶች እኔ ከጻፍሁላቸው እጅግ የሚበልጥ ሞመንት እንደሚሸከሙ አየሁ። ያ ስሌት በዚያው አልፎ ቢሆን ኖሮ ፌሮው ተቆርጦ፣ አርማታው ተሞልቶ፣ ሰው ይኖርበት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንም ስሌት ለምርመራ ሲመጣልኝ የመጀመሪያው ሥራዬ የዓምዶቹን አግድም ኃይሎች መደመር ሆነ።


መልስ 4 (ጠያቂው)

ጋሼ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም። «ማን ያዘው?» ያሉኝን ጥያቄ በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ወደ ጎን መሄዱን የተውሁት በግዴለሽነት አልነበረም። የአገራችን የቀድሞ የአርማታ ደንብ ኢቢሲኤስ 2 ፍሬሞችን «ስዌይ» (ወደ ጎን የሚሄድ) እና «ስዌይ ያልሆነ» ብሎ ይከፍላቸው ነበር። ይህ ፍሬም ዝቅተኛና ግትር ስለሆነ ከሁለተኛው ይመደባል ብዬ ነው ወደ ጎን አይሄድም ያልሁት። ሁለተኛ፣ የ«መ» ነገር አሁንም አልተዋጠልኝም። በቁጥር አየሁት፤ በዓይነ ሕሊናዬ ግን አላየሁትም።


መልስ 5 (ጡረታ የወጣው መሐንዲስ)

የመጀመሪያው ጥያቄህ ብዙ ተመራቂ የሚሳሳትበት ስለሆነ ረጋ ብለህ አንብበው።

ደንቡ «ስዌይ ያልሆነ» ሲል ፍሬሙ ከቦታው አይነቃነቅም ማለቱ አይደለም። የሚለው ይህ ነው፦ ፍሬሙ በአግድም ኃይል ሲገፋ የሚሄደው ርቀት ትንሽ ስለሆነ፣ ከዚያ ርቀት የተነሣ የሚመጣውን ተጨማሪ ኃይል ብንተወው አያሳስብም። ተጨማሪው የሚመጣው የላይኛው ጭነት ዓምዱ ባዘነበለበት መጠን ከመሠረቱ መሐል ፈቀቅ ስለሚል ነው። ያ የሁለተኛ ደረጃ ጉዳይ ነው። አንተ የተውኸው ግን የመጀመሪያውን ደረጃ ሚዛን ነው። የኃይሎች ድምር ዜሮ መሆን አለበት የሚለውን ሕግ የትኛውም ደንብ አያነሣልህም። በሸር ግድግዳ ወይም በአሳንሰር ማማ የተያዘ ሕንጻ ቢሆን ኖሮ ባሕር ዛፉ እውነተኛ ይሆን ነበር፤ 6 ኪሎ ኒውተኑንም ግድግዳው ይወስደው ነበር። በሥዕልህ ላይ ግድግዳ ካለ ቦታውን አሳየኝ፤ ከሌለ ፍሬሙ በራሱ ይቁም።

የ«መ»ን ነገር በዓይንህ ለማየት ጭነቱ ቢሙን ሲያጎብጠው አስብ። የቢሙ ሁለት ጫፎች ሲዞሩ የዓምዶቹን እግር ወደ ውጭ ሊከፍቱ ይገፋሉ፤ መሠረቶቹ ተቃውመው ወደ ውስጥ ይገፋሉ። ጭነቱ ወደ «ለ» ስለቀረበ የ«ለ» ጫፍ በብርቱ ይዞራል፤ የግራውም ዓምድ ቢሙን በብርቱ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። የቀኙ ዓምድ የመመለስ አቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ቢሙ ወደ ቀኝ ሸሸ። ሲሸሽ የግራው ዓምድ ዕፎይ አለ፤ የቀኙ ግን ያንን ሽሽት የሚያቆመው እሱ ስለሆነ ከላይም ከታችም ተጨነቀ። ይህ የሽሽት ሞመንት ደግሞ ከላይኛው ጫፍ ይልቅ በመሠረቱ ይከብዳል፤ 60 እና 80 ያልነውን አስታውስ። መሠረቱ ስለማይዞር ነው። ለዚህ ነው «መ» ከ16 ወደ 22.86 የዘለለው።

ይህን ወደ ሥራ ስትለውጠው ምን ማለት እንደሆነ አስብ። በአንተ ስሌት የ«መ» መሠረት የሚሠራው ሊሸከመው ከሚገባው 70 በመቶ ለሚሆን ሞመንት ነው። ፌሮው የሚበዛው ደግሞ ባልፈለገው በ«ሀ» በኩል ነው። ቢሙም ከጭነቱ ሥር 77.33 ተብሎ የታሰበው በእርግጥ 79.05 ነው፤ ልዩነቱ ጥቂት ቢሆንም የጎደለው ግን ከታችኛው ፌሮ ላይ ነው። ጫፉ ላይ 48 ብለህ አብዝተሃል፤ መሐሉ ላይ ቀንሰሃል።


መልስ 6 (የመዋቅር ትምህርት መምህርት)

ጋሼ ያብራሩት እጅግ መልካም ነው። እኔ ለተማሪዎቼ የማሳያቸውን አንድ መንገድ ልጨምር፤ ፍሬሙ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ሲሆን ሁለቱንም ሠንጠረዥ ያስቀራል።

-80 እና +40ን ለሁለት ክፈላቸው። አንደኛው ክፍል ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ጭነት ነው፤ -60 እና +60። ሁለተኛው ግራና ቀኙ ተቃራኒ የሆነ ነው፤ -20 እና -20። ስትደምራቸው -80 እና +40 ይመለሱልሃል።

እኩል በሆነው ክፍል ፍሬሙ ወደ ጎን የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ሁለቱ መገጣጠሚያዎች እኩልና በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ የቢሙ ግትርነት በግማሽ ይቀንሳል። ዓምዱ 1 ከሆነ ቢሙ ግማሽ ነው፤ ስለዚህ የዓምዱ ድርሻ ሁለት ሦስተኛ ነው። የ60 ሁለት ሦስተኛ 40፤ ግማሹ 20 ወደ መሠረቱ። አለቀ። ከማዶው መገጣጠሚያ የሚሻገር ስለሌለ ዙር የለም።

ተቃራኒ በሆነው ክፍል ቢሙ ያለ ከልካይ ወደ ጎን ይሄዳል። እዚህ ዓምዱ አናቱ ነጻ ሆኖ እንደ ተተከለ እንጨት ነው የሚሠራው። ግትርነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ወደ መሠረቱ የሚሻገረውም ያው መጠን በተቃራኒ ምልክት ነው። የቢሙ ግትርነት ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ሩብ ለአንድ ተኩል ማለት 1 ለ 6 ነው፤ የዓምዱ ድርሻ አንድ ሰባተኛ። 20 ለ 7 ሲካፈል 2.857። ይህ ከላይ ነው፤ ከታች -2.857።

አሁን ደምር። የግራው ከላይ 42.857፣ ከታች 17.143። የቀኙን ለማግኘት ቀንስና ምልክቱን ገልብጥ፤ ከላይ 37.143፣ ከታች 22.857። ፕሮግራሙ 42.86 ያለህ ቁጥር ትክክለኛ ማንነቱ 300 ለ 7 ነው።

ሃርዲ ክሮስ የተባሉት አሜሪካዊ መምህር ይህን የማከፋፈል ዘዴ በ1930 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ በአሥር ገጽ ጽሑፍ ብቻ ለዓለም አሳወቁት። ከዚያ በፊት ብዙ መገጣጠሚያ ያለው ፍሬም ማለት ብዙ ያልታወቁ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ የያዙ እኩልታዎችን በእጅ መፍታት ነበር። እሳቸው የሰጡን ግን ከእኩልታ ማምለጫ ብቻ አይደለም። በሠንጠረዡ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቁጥር ፍሬሙ በዚያች ቅጽበት የሚያደርገው ነገር ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ያንኑ ሐሳብ ለውኃ መስመር መረብ አዋሉት፤ የውኃ ምህንድስና የሚማሩ ጓደኞችህ ስማቸውን ከዚያ ያውቁታል። ተማሪዎቼ ኮምፒውተር እያለ ለምን እንማረዋለን ይሉኛል። ዛሬ አንተ ፕሮግራሙን የጠረጠርኸው እጅህ ላይ የራስህ ቁጥር ስለነበረህ ነው፤ ያ ቁጥር ባይኖርህ ኖሮ 22.86ን አይተህ «ለምን በለጠ?» ብለህ አትጠይቅም ነበር።


መልስ 7 (ጠያቂው)

መምህርት፣ 20 ለ 7 ያሉትን ሠርቼ ሳየው ብቻዬን በክፍሌ ውስጥ ጮህሁ። አመሰግናለሁ።

ጋሼ የነገሩንን የዳገት ታሪክ አስቤ ራሴን ለመፈተን የቀኙን ዓምድ ከ4 ወደ 3 ሜትር አሳጠርሁት። የቀረው ሁሉ እንደ ነበረ ነው። አሁን በ«ሐ» የዓምዱ ድርሻ 4 ሰባተኛ፣ የቢሙ 3 ሰባተኛ ሆነ። አከፋፍዬ ስጨርስ የግራው ዓምድ 46.79 እና 23.40፣ የቀኙ 36.23 እና 18.11 ወጣ። አግድሞቹ በግራ 17.55፣ በቀኝ 18.11 ናቸው። ልዩነቱ 0.57 ብቻ ነው፤ ያውም ወደ ግራ! ዓምዶቹ እኩል ሳይሆኑ ሲቀሩ ወደ ጎን መሄዱ ይብሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ተሳስቼ ይሆን? ደግሞ ለሁለተኛው ሠንጠረዥ መነሻ 100 እና 100 ልበል?


መልስ 8 (ጡረታ የወጣው መሐንዲስ)

አልተሳሳትህም ልጄ፤ ቁጥሮችህ ልክ ናቸው። አጭሩ ዓምድ ግትር ስለሆነ በ«ሐ» ከሚከፋፈለው ሞመንት የበለጠ ድርሻ ወሰደ፤ ያንን ሞመንት ደግሞ በ3 ሜትር ስለሚያካፍለው የሚመልሰው ግፊት ከፍ አለ። ጭነቱ ወደ ረጅሙ ዓምድ መቅረቡና የቀኙ ማጠሩ በአጋጣሚ ሊጣፉ ምንም አልቀራቸውም። ይህን አይተህ ግን እንዳትዘናጋ። ያንኑ 90 ኪሎ ኒውተን አንሥተህ ከ«ሐ» 2 ሜትር ላይ አስቀምጠውና እንደገና አከፋፍል። አግድሞቹ በግራ 11.32፣ በቀኝ 27.17 ይወጣሉ፤ ባሕር ዛፉ 15.85 ኪሎ ኒውተን ይሸከማል። ጭነት ደግሞ በሕንጻ ላይ አንድ ቦታ አይቀመጥም።

መነሻህ 100 እና 100 ሊሆን አይችልም። ቢሙ ሁለቱን ዓምዶች እኩል ርቀት ይወስዳቸዋል፤ የሚፈጠረው ሞመንት ግን በቁመቱ ካሬ ይካፈላል። ለ4 ሜትሩ አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ ለ3 ሜትሩ አንድ ዘጠነኛ። ስለዚህ ረጅሙን 90፣ አጭሩን 160 ብለህ ጀምር። አግድሙን ስታወጣ እያንዳንዱን ዓምድ በራሱ ቁመት አካፍል፤ በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስትጨርስ የመጨረሻ ቁጥሮችህን እዚህ ጻፍልኝ፤ እኔም ዛሬ ማታ እሠራቸዋለሁ።